ከዲስኩ በፊት ካርዱን

(ጎንደር ላይ ለጌም ቤት ባለቤቶች፣ ለኮምፒውተር ተማሪዎችና ለወላጆች ያደረግኩት ንግግር ነው። ለንባብ እንዲመች ጥቂት አስተካክዬዋለሁ።)

እንደምን አመሻችሁ። በዚህ ዝናብ ከአዘዞ ድረስ የመጣችሁ እንዳላችሁ አይቻለሁ። አመሰግናለሁ።

ጠረጴዛው ላይ ያለውን ካርቶን እዩት። የብስኩት ካርቶን ነው። ውስጡ 94 የጌም ዲስኮች አሉ። ከዲስኮቹ ሥር ደግሞ በላስቲክ የታሰሩ፣ ጨዋታችን ሴቭ የሚደረግባቸው ስድስት ሚሞሪ ካርዶች አሉ። ዛሬ የተጠራሁት ስለ ዲስኮቹ እንድናገር ነው። እናገራለሁ። እንቅልፍ የሚነሱኝ ግን ካርዶቹ ናቸው። ወደ እነሱ እንመለሳለን።

ካርቶኑ ከየት እንደመጣ ልንገራችሁ። ፒያሳ አካባቢ፣ ከጃን ተከል ዋርካ ብዙም ሳይርቅ፣ አንዲት ጠባብ ጌም ቤት ነበረች። አራት ቴሌቪዥን፣ አራት ፕሌይስቴሽን 2፣ ሁለት ረጃጅም አግዳሚ። ባለቤቱን ሁላችንም «አያ» ነበር የምንለው። ከትምህርት ቤት ስወጣ እዚያ ነበር የማመሸው። ተራ አስይዛለሁ፣ ሂሳብ እቀበላለሁ፣ ዲስክ እቀይራለሁ። ጌሙ ስታክ ሲያደርግ ዲስኩን አውጥቼ በሸሚዜ ጫፍ ዙሪያውን አሽቼ እመልሰዋለሁ። ይሠራል። ከሁለት ቀን በኋላ ያው ዲስክ እንደገና ስታክ ያደርጋል። ለምን እንደሆነ የገባኝ ከብዙ ዓመት በኋላ ነው።

ልጆቹ ስልካቸው ላይ መጫወት ሲጀምሩ ጌም ቤቷ ቀዘቀዘች። አያ ሲዘጋት ካርቶኑን ለእኔ ሰጠኝ። «አንተ ታውቅበታለህ፣ አንድ ነገር አድርገው» አለኝ። አንድ ነገር ማድረግ ማለት ለእኔ ሁሉንም ወደ ኮምፒውተር መገልበጥ ማለት ነበር። ብዙዎቻችሁም ዛሬ የመጣችሁት ይህንኑ ልትጠይቁ ነው። ቤታችሁ፣ አልጋ ሥር፣ እንዲህ ያለ ካርቶን አለ።

አያ ካርቶኑን ከመስጠቱ በፊት ግን አንድ ከባድ ስህተት ሠርቼ ነበር። ታላቅ ወንድሜ ከአዲስ አበባ ያመጣልኝ ሃያ የሚሆኑ የፕሌይስቴሽን 1 ዲስኮች ነበሩኝ። ከታች ጥቁር የሆኑት፣ ታስታውሷቸዋላችሁ። በ2005 ዓ.ም. ሁሉንም ወደ ሃርድ ዲስክ ገለበጥኩ። ከዚያ ዲስኮቹን ለሰፈር ልጆች አደልኳቸው። «ፋይሉ እጄ ላይ ነው፣ ከእንግዲህ ዲስኩ ምን ያደርግልኛል» ብዬ ነው። ከሁለት ዓመት በኋላ ፋይሎቹን ስከፍት ግማሾቹ መሃል ላይ ቀጥ ይላሉ። አንዱ የመኪና ውድድር ደግሞ ይሠራል፣ ሙዚቃው ግን የለም። ዲስኮቹን ፍለጋ ሰፈሩን ዞርኩ። አንዱ ተሰብሯል። አንዱ ወፍ እንዲያባርር በክር ታስሮ ጓሮ ተሰቅሏል። የቀሩት የት እንደገቡ የሚያውቅ የለም። ወንድሜ ከጉርሱ ቀንሶ የገዛልኝን ነገር በገዛ እጄ አጠፋሁት። ቁጭቱ አሁንም አለ። ዛሬ የምነግራችሁ ያኔ ቢነገረኝ ኖሮ የምለውን ነው።

እስቲ መጀመሪያ ዲስኩን ራሱን እንየው።

ሲዲን ሶኒና ፊሊፕስ ለገበያ ያበቁት እ.ኤ.አ. በ1982 ነው። ስፋቱ 12 ሳንቲ ሜትር፣ ውፍረቱ 1.2 ሚሊ ሜትር። መረጃው የተጻፈው ከመሃል ተነስቶ ወደ ዳር እየዞረ በሚሄድ አንድ ቀጭን መስመር ላይ ነው። በጥቃቅን ጉድጓዶች ነው የተጻፈው። ያ መስመር ተፈትቶ ቢዘረጋ ርዝመቱ ከ5 ኪሎ ሜትር ይበልጣል። ከፒያሳ ጀምራችሁ ወደ አዘዞ በሚወስደው አስፋልት ላይ ብታስኬዱት ብዙ መንገድ ይሸፍናል። ይህ ሁሉ በመዳፍ በምትያዝ ነገር ላይ ነው ያለው።

ጭረት ሁሉ እኩል አይጎዳም። ዲስኩ ሲዘጋጅ የስህተት ማረሚያ አብሮ ይጻፍበታል። ሲዲ ላይ በመስመሩ ርዝመት እስከ 2.5 ሚሊ ሜትር የሚደርስ ክፍተት ሙሉ በሙሉ ይታረማል። ከመሃል ወደ ዳር የሄደ ጭረት እያንዳንዱን ዙር አንዴ ብቻ ነው የሚያቋርጠው። በየዙሩ የሚያጠፋው ትንሽ ስለሆነ ማረሚያው ይደርስለታል። ዙሪያውን የሄደ ጭረት ግን መስመሩን ተከትሎ ይበላዋል። ማረሚያው ያን ያህል አቅም የለውም።

እኔ በሸሚዜ ዙሪያውን ሳሽ የነበረው እንግዲህ ይህንን ነበር። የጎንደር በጋ አቧራው ብዙ ነው። አቧራው ውስጥ አሸዋ አለ። በየቀኑ አሸዋ በመስመሩ ላይ እጎትት ነበር። ስለዚህ ንጹሕ ለስላሳ ጨርቅ ያዙ። ከመሃል ወደ ዳር፣ በቀጥታ ጥረጉ። ዙሪያውን አታሹ።

የጥርስ ሳሙና የምትቀቡ አላችሁ። የጥርስ ሳሙና ፕላስቲኩን ይፍቃል። ዕድል ከቀናችሁ ትንሹን ጭረት ያለሰልሰዋል። ካልቀናችሁ አዲስ ጭረት ይጨምርበታል። ስለዚህ መጀመሪያ እንዳለ ለማንበብ ሞክሩ። የሚነበበው ከተነበበ በኋላ ሌላው ይታያል።

ሌላው ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ። ሁላችንም የምንሳሳለት ከታች ላለው፣ ለሚያብረቀርቀው ፊት ነው። ሲዲ ላይ ግን መረጃው ያለው ከላይ፣ ከጽሑፉ ሥር ነው። በላዩ ያለው ስስ ቫርኒሽና የታተመው ቀለም ብቻ ነው። እኛ ደግሞ እንዳይጠፋብን ብለን የጌሙን ስም በእስክሪብቶ እየጫንን ጻፍንበት። ዲቪዲ በዚህ በኩል ይሻላል። መረጃው በሁለት የፕላስቲክ ገበታዎች መሃል ነው ያለው። ከዲቪዲ በኋላ የመጣው ብሉ ሬይ ደግሞ የተገላቢጦሽ ነው። መረጃው ከሚነበበው ፊት 0.1 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው የገባው። ስለዚህ በላዩ ጠንካራ መከላከያ ይቀባል።

በርን የተደረገ፣ ማለትም በኮምፒውተር የተቀዳ ዲስክ ሌላ ነገር ነው። ጉድጓድ የለውም፣ ያለው ቀለም ነው። የበርነሩ ሌዘር ቀለሙን እያበላሸ ነው የሚጽፈው። ፀሐይና ሙቀት ያን ቀለም ያደበዝዙታል። አያ አዳዲስ ጌም ሲመጣ ለማስታወቂያ ዲስኩን መስኮቱ ላይ ያሰቅለን ነበር። ከካርቶኑ ውስጥ ጨርሶ አልነበብ ያሉኝ አብዛኞቹ እነዚያ የመስኮት ዲስኮች ናቸው።

አሁን ወደ መገልበጡ እንምጣ።

የፕሌይስቴሽን 1 እና የፕሌይስቴሽን 2 ዲስኮች ለእኛ ቀላሎቹ ናቸው። ማንኛውም ዲቪዲ የሚያነብ ኮምፒውተር ያነባቸዋል። አዲሶቹ ላፕቶፖች ማንበቢያ የላቸውም፤ በዩኤስቢ የሚሰካ የውጭ ማንበቢያ ያስፈልጋችኋል። ቤት ውስጥ የቆየ ዴስክቶፕ ካለ እንዳትጥሉት። ኢምግበርን የሚባለው ነፃ ፕሮግራም ይበቃችኋል።

እዚህ ላይ ግን አንድ ልዩነት አለ። የመኪና ውድድሩን ሙዚቃ ያጠፋብኝ ይህ ልዩነት ነው። የፕሌይስቴሽን 2 ዲስክ ከታች ብርማ ከሆነ ዲቪዲ ነው፤ አይኤስኦ በሚባለው ዓይነት ፋይል ብትገለብጡት ምንም አይጎድልበትም። ከታች ሰማያዊ ከሆነ ግን ሲዲ ነው። የፕሌይስቴሽን 1 ጥቁሮቹም ሲዲ ናቸው። ሲዲ ላይ መረጃው በ2,352 ባይት ክፍል ክፍል ተቆርጦ ነው የሚቀመጠው። አይኤስኦ ከእያንዳንዱ ክፍል 2,048 ባይቱን ብቻ ወስዶ ሌላውን ይተወዋል። ለተራ የቢሮ ሲዲ ይህ ችግር የለውም። የጌም ሲዲ ግን በዚያ በሚተወው ቦታም ድምፅና ምስል ሊያስቀምጥ ይችላል። ሙዚቃውም ብዙ ጊዜ እንደ ዘፈን ሲዲ በተለየ ትራክ ነው ያለው። አይኤስኦ ትራኮቹን አይዝም። ስለዚህ ሲዲ ከሆነ ቢን እና ኪው በሚባሉት ጥንድ ፋይሎች ገልብጡት። ቢኑ መረጃውን በሙሉ ይይዛል። ኪው ደግሞ የትኛው ትራክ የት እንደሚጀምር የሚናገር አጭር ጽሑፍ ነው። ሁለቱን አትለያዩ። እኔ በ2005 ሁሉንም በአይኤስኦ ነበር የገለበጥኩት።

ስለ መብራት ሳልናገር አላልፍም። እየገለበጣችሁ መብራት ከሄደ ፋይሉ ስሙን ይዞ ይቀራል፣ ውስጡ ግን ግማሽ ነው። ከወር በኋላ ስታዩት ሙሉ ይመስላችኋል። በላፕቶፕ ገልብጡ፤ ባትሪው ያድናችኋል። መሃል ላይ የተቋረጠውን ወዲያው አጥፉና ከመጀመሪያው ጀምሩ።

በእጅ የሚያዘው የሶኒ ጌም ማሽን፣ ፒኤስፒ፣ ያላችሁ ደግሞ፣ ትንሿ ዲስክ 1.8 ጊጋ ትይዛለች፤ የሚያነባት ግን ራሱ ፒኤስፒው ብቻ ነው። ስለዚህ መገልበጡም በእሱ በኩል በዩኤስቢ ነው። ስልኩ ላይ የፒኤስፒ ጌም የሚያጫውተውን ፒፒኤስኤስፒፒን የጫነ ተማሪ በዚህ አዳራሽ ውስጥ ብዙ እንደሚሆን እገምታለሁ። ያ ፕሮግራም የሚጫወተው እንዲህ የተገለበጠ ፋይል ነው። የኤክስቦክስና የጌምኪዩብ ዲስኮችን ተራ ማንበቢያ አያነባቸውም፤ ፕሌይስቴሽን 3ን የሚያነቡት የተወሰኑ የብሉ ሬይ ማንበቢያዎች ናቸው። እዚህ ከተማ ብዙ ስላልገቡ ጊዜያችሁን አልወስድባቸውም።

ብዙ የምጠየቀው ስለ ፕሌይስቴሽን 4 እና 5 ነው። «ዲስኩን ጭኜዋለሁ፣ ሃርድ ዲስኩ ላይ አለ፣ ታዲያ ዲስኩን ብሸጠው?» ይሉኛል። አይሆንም። ጌሙ በእርግጥ ማሽኑ ላይ ይጫናል። ዲስኩ ግን ቁልፍ ነው። በተጫወታችሁ ቁጥር ማሽኑ ውስጥ መኖር አለበት። ዲስኩን ስትሸጡ ጌሙን ሸጣችሁ ማለት ነው። መረጃው የተቆለፈ ስለሆነ እንደ ድሮዎቹ በኮምፒውተር ገልብጦ መያዝ አይቻልም። በእነዚህ ማሽኖች ላይ ዲጂታሉን የምትፈልጉ ከሱቃቸው እንደገና ትገዛላችሁ።

እኔ በዚህ በኩል የማምነውን ልናገር። ዲስክ መኖሩ ለእኛ ይጠቅመናል። አንድ የፕሌይስቴሽን 5 ዲስክ እስከ 100 ጊጋ ይይዛል። ያን ያህል በኢንተርኔት ማውረድ ለአንድ የጎንደር ቤተሰብ ቀላል ወጪ አይደለም። ዲስክ ለጎረቤት ይዋሳል። ከጓደኛ ጋር ይለወጣል። ተጫውተው ሲጨርሱ ይሸጣል። በአካውንት የተገዛ ጌም ግን ከአካውንቱ አይወጣም። እ.ኤ.አ. በ2013 ማይክሮሶፍት ኤክስቦክስ ዋንን ሲያስተዋውቅ ዲስኩ ከአካውንት ጋር እንዲታሰር፣ ማሽኑም በ24 ሰዓት አንዴ ኢንተርኔት እንዲነካ አስቦ ነበር። ሕዝቡ ተቆጣ። ማሽኑ ገበያ ከመውጣቱ በፊት ዕቅዱ ተነሳ። ያ ዕቅድ ቢጸና ኖሮ ኢንተርኔት በሚጠፋበት ሰሞን እኛ ዲስኩን ይዘን ቁጭ ማለታችን ነበር።

የኢንተርኔት ሱቆቹም ይዘጋሉ። ኒንቴንዶ የ3ዲኤስና የዊ ዩ ሱቁን እ.ኤ.አ. መጋቢት 27 ቀን 2023 ዘግቶ መሸጥ አቆመ። የኤክስቦክስ 360 ሱቅ ደግሞ ሐምሌ 29 ቀን 2024 ተዘጋ። ቪዲዮ ጌም ሂስትሪ ፋውንዴሽን የተባለው የአሜሪካ ድርጅት በ2023 ባወጣው ጥናት፣ ከ2010 በፊት አሜሪካ ውስጥ ከወጡት ጌሞች 87 በመቶው ዛሬ በሕጋዊ ገበያ እንደማይገኙ አሳይቷል። አልጋ ሥር ያለው ካርቶናችሁ ቀላል ነገር አይምሰላችሁ።

የገለበጣችሁት ደህና መሆኑን እንዴት ታውቃላችሁ? እኔን የጎዳኝ ይህን ጥያቄ አለመጠየቄ ነው።

ጎንደር ውስጥ ስለመገልበጥ ለመማር ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ብራና የሚገለብጡ ጸሐፊዎች ሲጽፉ ኖረዋል። የጻፉትን ከተቀዳበት ጋር እያስተያዩ ያርማሉ። የተሳሳተውን ይፍቃሉ፣ የተዘለለውን በመስመሩ መሃል ወይም በኅዳጉ ይጨምራሉ። የቆየ ብራና ስትገልጡ እርማቱን በዓይናችሁ ታዩታላችሁ። ያን ሥራ የሠራው ሰው ገልብጦ ዝም አላለም።

በእኛ ሥራ ማስተያያው እንዲህ ነው። ዲስኩን ሁለት ጊዜ ገልብጡ። ከተቻለ በሁለት የተለያዩ ማንበቢያዎች። ከዚያ የሁለቱንም ፋይሎች አሻራ አውጡ። ኤስኤችኤ-1 የሚባል ስሌት አለ፤ ፋይሉ ምንም ያህል ትልቅ ይሁን 40 ፊደልና ቁጥር ያወጣላችኋል። ከፋይሉ ውስጥ አንዲት ነጥብ ብትለወጥ አሻራው በሙሉ ይለወጣል። ዊንዶውስ ውስጥ ራሱ ይህን የሚሠራ ትእዛዝ አለ፣ ምንም መጫን አያስፈልግም። ሁለቱ አሻራዎች ከተመሳሰሉ ማንበቢያችሁ ሁለቴም አንድ ነገር አንብቧል። ከተለያዩ ዲስኩን ጠርጋችሁ ድገሙት። ሪዳምፕ የሚባል የበጎ ፈቃደኞች መዝገብም አለ። ጌሞቹን አያድልም፤ የኦሪጅናል ዲስኮችን አሻራ ነው የሚመዘግበው። የእናንተ አሻራ እዚያ ካለው ጋር ከተስማማ ሥራው ተጠናቋል ማለት ነው። ጎንደር ያለ ዲስክና ጃፓን ወይም ጀርመን ያለ ዲስክ በ40 ፊደል ሲገናኙ ሳይ መጀመሪያ ቀን ደንግጬ ነበር። ደስ የሚል ድንጋጤ ነው።

ስም አሰጣጥ ላይም ትንሽ ልቆይ። «ጌም 1»፣ «አዲስ ኳስ»፣ «አዲስ ኳስ የመጨረሻ» የሚሉ ፎልደሮች አይቻለሁ። ከዓመት በኋላ ባለቤቱም አያውቃቸውም። እያንዳንዱ የፕሌይስቴሽን ዲስክ መለያ ቁጥር አለው። ኤስኤልኢኤስ ብሎ ከጀመረ የአውሮፓ ነው። ኤስኤልዩኤስ ከሆነ የአሜሪካ ነው። የጌሙን ስም፣ ያንን መለያ፣ የወጣበትን ዓመት ጻፉ። ሽፋኑ ጠፍቶ፣ ፊቱ ተፍቆ ምን እንደሆነ የማታውቁት ዲስክ ካለ በኮምፒውተር ክፈቱት። ሲስተም ሲኤንኤፍ የሚባል ትንሽ ፋይል አለ። በኖትፓድ ሲከፈት መለያው እዚያ ተጽፏል።

ለተማሪዎቹ አንዲት ነገር። ፍላሹ ባዶ ቦታ እያለው «ፋይሉ ትልቅ ነው» እያለ የሚመልሳችሁ ፋት 32 በሚባለው አሠራር ፎርማት ስለተደረገ ነው። ፋት 32 ከ4 ጊጋ የሚበልጥ አንድ ፋይል አይቀበልም። ዲቪዲ ግን እስከ 4.7 ጊጋ ነው፣ ባለ ሁለት ንብርብሩ ደግሞ 8.5። ፍላሹን ኤክስፋት አድርጋችሁ ፎርማት አድርጉት። አንድ ቴራ ሃርድ ዲስክ ከ200 በላይ ሙሉ ዲቪዲ ይይዛል። ለአንድ ቤተሰብ ከበቂ በላይ ነው።

አሁን ወደ ሕጉ። የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የኮምፒውተር ፕሮግራም ቅጂ ሕጋዊ ባለቤት የሆነ ሰው ለማኅደር፣ የያዘው ቢጠፋ ወይም ቢበላሽም ለመተካት፣ አንድ ቅጂ እንዲያዘጋጅ ይፈቅድለታል። አንድ ቅጂ። ለራሱ። ለጎረቤት የሚታደል ወይም ጌም ቤት የሚከራይ አይደለም። ዲስኩን ከሸጣችሁት ቅጂው አብሮ ይሂድ ወይም ይጥፋ።

ይህን ካልኩ ዘንድ እውነቱን እንነጋገር። ከነዚህ 94 ዲስኮች ኦሪጅናሎቹ 11 ናቸው። ሌሎቹ በርን የተደረጉ ናቸው። በዚያን ጊዜ ኦሪጅናል የሚሸጥ ሱቅ ጎንደር ውስጥ አላየሁም። አያ የሚያገኘውን ገዛ፣ እኛም የተገኘውን ተጫወትን። ማንንም አልወቅስም። ግን አስራ አንዱን ብቻ ነው የገለበጥኩት። የቀሩትን ይነበቡ እንደሆነ ከማየት አልፌ አልገለበጥኳቸውም። ሌላ ሰው የሠራው ሥራ ነው፣ እኔም ባለቤቱ አይደለሁም። ደግሞም ከእነሱ ውስጥ በእኔ ምክንያት ከዓለም የሚጠፋ አንድም የለም።

ይህች የመጨረሻዋ ነጥብ ናት ወደ ካርዶቹ ያመጣችኝ።

ፕሌይስቴሽን 2 በዓለም ላይ ከ150 ሚሊዮን በላይ ተሸጧል። ጌሞቹም እንደዚያው በብዛት ታትመዋል። የእኔ ዲስክ ቢሰበር ሌላው ቤት አለ። ብራና ላይ የደረሰውን እናውቃለን። ዐፄ ቴዎድሮስ ከጎንደር አድባራት ያሰባሰቧቸው መጻሕፍት መቅደላ ላይ አንድ ቦታ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1868 በጥቂት ቀን ተወሰዱ፤ ዛሬ ከ300 በላይ የሚሆኑት ለንደን ናቸው። ከመቶ ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. ከ1973 ጀምሮ፣ የአገራችን ብራናዎች በማይክሮፊልም ሲነሡ ከ9 ሺህ በላይ ጽሑፎች ቅጂያቸው ሚኒሶታ ተቀመጠ። እነዚያ ሰዎች የሮጡት በየሱቁ ለሚሸጠው የታተመ መጽሐፍ አይደለም። አንድ ብቻ ላለው ነው።

ከካርቶኔ ውስጥ አንድ ብቻ ያለው የቱ ነው ብዬ ጠየቅኩ። በላስቲክ የታሰሩት ካርዶች ናቸው።

የ2001 ዓ.ም. ክረምት ነበር። ትምህርት የለም፣ ዝናብ ነው፣ ሁላችንም አያ ጋ ነን። ኮናሚ የተባለው ኩባንያ በሠራው የኳስ ጌም ላይ ተጫዋች የማስተካከያ ክፍል አለ። አንዱ ልጅ «ለምን የራሳችንን አንሠራም?» አለ። ጀመርን። አራዳ አንድ ቡድን፣ ቀበሌ 18 አንድ ቡድን፣ ማራኪ፣ ቅዳሜ ገበያ፣ አዘዞ። ፋሲል ከነማንም ሠራን። ያኔ ዐፄዎቹ ሊጉን ያነሳሉ ብሎ ያሰበ አልነበረም፤ በ2013 ዓ.ም. አነሱት። እኛ ግን በካርዱ ላይ ዋንጫውን ቀድመን ሰጥተናቸው ነበር። የሰፈር ልጆችን አንድ በአንድ አስገባን። ቁመት፣ ፀጉር፣ የሚመታበት እግር። ግዕዝ ፊደል ስለሌለው ስማችንን በላቲን ጻፍን። ፍጥነት ከ99 ነው የሚሰጠው። ጭቅጭቁ እዚያ ነበር። «ለእሱ 90 ሰጥታችሁ ለእኔ 85? በቅዳሜው ግጥሚያ የቀደመው ማነው?» የሚል ልጅ ነበር። አያ ዳኛ ሆኖ «85 ይበቃሃል፣ ግራ እግርህን ጨምረንልሃል» አለው። መብራት እየሄደ ሴቭ ያላደረግነው ሲጠፋ ደግመን ሠራን። ክረምቱ ሲያልቅ ከመቶ በላይ የሰፈር ልጆች ካርዱ ላይ ነበሩ።

ያ ሁሉ 8 ሜጋ በሚይዝ ካርድ ላይ ነው። አንድ ዲቪዲ ከአምስት መቶ እጥፍ በላይ ይይዛል። ካርዱ ፍላሽ ሚሞሪ ነው፤ መረጃውን በኤሌክትሪክ ቻርጅ ነው የሚይዘው፣ ቻርጁም በዓመታት ብዛት ይሳሳል። በተለይ 64 ሜጋ የሚል የተጻፈባቸው፣ ከሌላ አምራች የመጡት ካርዶች በቀላሉ ይበላሻሉ። ከስድስቱ ካርዶች ሁለቱ እንደዚያ ናቸው። ሁለቱም አልተነበቡም። ምን እንደነበረባቸው ከእንግዲህ አላውቅም።

አወጣጡ ከዲስኩ ይቀላል። ፍሪ ኤምሲቡት የሚባል ፕሮግራም የተጫነበት አንድ ካርድ ካለ ፕሌይስቴሽን 2ው ራሱ ሥራውን ይሠራል። ዩላውንችኤልፍ የሚባለውን ፋይል ማሰሻ ትከፍታላችሁ። ከካርዱ ላይ ፎልደሩን ትመርጣላችሁ፣ በፊት በኩል ወዳለው ዩኤስቢ፣ ወደ ፍላሻችሁ ትገለብጣላችሁ። ለዚህ ፍላሹ ፋት 32 ይሁን። የፕሌይስቴሽን 2 ዩኤስቢ የድሮው ዝግተኛው ነው፤ ግን ፋይሉ ትንሽ ስለሆነ ብዙ አያስጠብቅም። ፕሌይስቴሽን 3 ላለው ሰው ደግሞ ሶኒ ራሱ የሠራው ካርድ ማንበቢያ ነበር፣ ካገኛችሁት ይሠራል። ከዚያ ፒሲኤስኤክስ 2 በሚባለው ኢሙሌተር፣ ማለትም ፕሌይስቴሽን 2ን በኮምፒውተር በሚያስመስለው ፕሮግራም ላይ ፋይሉን ታስገባላችሁ። ባዮሱን፣ ማለትም ማሽኑን የሚያስነሳውን መሠረታዊ ፕሮግራም፣ ከራሳችሁ ማሽን አውጡ። በኦሪጅናል ዲስካችሁ ቅጂ ጌሙን ትከፍታላችሁ።

የእኛ የኳስ ዲስክ ከአስራ አንዱ ኦሪጅናሎች አንዱ መሆኑ ዕድል ነው። ስከፍተው ምሽት ነበር። ቡድን መምረጫው ላይ ወደ ታች ወረድኩ። አራዳ አለ። አዘዞ አለ። በረኛችን ከነፀጉሩ ቆሟል። እህቴ ከኋላዬ መጥታ «ይሄ እኮ የእትዬ ልጅ ነው!» አለች። ያን ዕለት ማታ የካርዱን ፋይል ቅጂ ለስምንት ሰው ላክሁ። ለዚህ ሕግ አያሰጋኝም። ቡድኑን የሠራነው እኛ ነን። አንዱ ቅጂ ቤት ነው፣ አንዱ አዘዞ እህቴ ጋ ነው፣ አንዱ ኢሜይል ላይ ነው። ከተቀበሉት አንዱ ካናዳ የሚኖረው ያ ባለ 85 ልጅ ነው። ዛሬ የሁለት ልጆች አባት ነው። ሌሊት ላይ መልስ ጻፈልኝ። «አሁንም 85 ነኝ?» ይላል።

ነህ አልኩት። ማንም አልነካህም።

ስለዚህ ጥያቄዬ ይኸው ነው። ቤታችሁ ስትመለሱ ካርቶኑን አውርዱ። ዲስኩ ይቆያችኋል፤ ንጹሕና ጨለማ ቦታ አስቀምጡት። ካርዶቹን ግን ለዩ። የጌም ቤት ባለቤቶች፣ እናንተ ጋ ከማንም በላይ እንዳለ አውቃለሁ። ወላጆች፣ ልጃችሁ ውጭ አገር ከሄደ ዕቃው ውስጥ ጥቁር ትንሽ ካርድ ካያችሁ እንዳትጥሉት። የማን ሰፈር ቡድን እንዳለበት አይታወቅም።

ከመምጣታችሁ በፊት በስልክ የነገርኳችሁ ልጆች ካርድ ይዛችሁ እንደመጣችሁ አይቻለሁ። ማሽኑ እዚህ ጠረጴዛ ላይ ነው፣ በርቷል። ፍላሽ የሌለው እኔ አለኝ። ካርዱ ላይ የሰፈራችሁን ስም በወረቀት ለጥፉበት። በእስክሪብቶ ካርዱ ላይ አትጻፉ። አሁን ጥያቄ ያለው እየጠየቀ፣ ካርድ ያለው ወደዚህ ይምጣ። መብራት ሳይሄድ እንጀምር።